አምና ገና፣ ዘንድሮ አለፈ

ውድ እህቴ ፉጨት፣

መጀመሪያ የጊታርሽን ነገር ላንሳ። «ለአክስታችን ልጅ ስጡት፣ ቅዳሜ መጥቶ ይወስደዋል» ብለሽ ለጋሼ ልከሽ አልነበር? ልጁ በቀጠሮው መጥቷል። የጊታሩን ከረጢት አንግቶ፣ አመስግኖ፣ እየተጀነነ ሄዷል። ጊታሩ ግን አልሄደም። ቤቱ ደርሶ ዚፑን ሲከፍት የሚያገኘው የጋሼን አሮጌ የመተኮሻ ሰሌዳ ነው። ይቅርታ አልጠይቅም። ሸሚዙን አይተሽው ከሆነ ከጊታር ይልቅ መተኮሻ እንደሚያስፈልገው ትመሰክሪልኛለሽ።

አሁን ተናደሽ ስልክ ልታነሺ ነው። ደውይ፤ እኔ አላነሳም። እዚያ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ከቆምሽ ጀምሮ በደወልኩ ቁጥር «ሥራ ላይ ነኝ» እያልሽ ስትዘጊብኝ ከርመሻል፣ የኔም ተራ ይድረስ። ለዚህ ነው በወረቀት የመጣሁብሽ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፤ እነሆ ሁለቱም ባንድ ፖስታ ታሽገው ደጃፍሽ ደርሰዋል። የጻፈው ከስምንተኛ ክፍል ያመለጠ ሰው ስለሆነ ፊደሉ የተንጋደደበት ቦታ ካለ እንደ እንግዳ ሻንጣ ቀጥ አድርገሽ አቁሚው። ሥራሽ አይደል?

ከዚያች ቀን ልጀምር፤ ጋዜጣው የዓመቱን ምርጥ አሥር አልበሞች ካወጣባት ቀን። የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽው ከአንድ እስከ አሥር አነበብሽ። ከዚያ ከአሥር ወደ አንድ ተመለስሽ፣ ስምሽ ከታች ወደ ላይ ሲነበብ ብቻ የሚታይ ይመስል። እኔም ከጎንሽ ቆሜ «ምናልባት ጀርባው ላይ ይሆናል» ብዬ ገለበጥኩልሽ። ጀርባው ላይ የፍሪጅ ማስታወቂያ ነበር። «ይኸው፣ ፍሪጁም ካንቺ ቀድሟል» አልኩሽ። አልሳቅሽም። በቀልዴ ተቆጥተሽብኝ ታውቂያለሽ፣ ጫማ ወርውረሽብኝ ታውቂያለሽ፣ ዝም ብለሽኝ ግን አታውቂም። ጋዜጣውን አራት ቦታ አጥፈሽ በሚወዛወዘው የጠረጴዛ እግር ሥር ሸጎጥሽውና «በቃ» አልሽ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጠረጴዛው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ያ ዝርዝር ለቤታችን የዋለው ውለታ ይኸው ብቻ ነው።

በሳምንቱ ሄድሽ። ያሳደጉን አጎታችን፣ የነገር ሁሉ ምሰሶ ጋሼ፣ በር ላይ ቆመው «ሹራብ ይዘሻል?» ከማለት በቀር ቃል አልወጣቸውም። አንቺ ከታክሲ ተራው ሳትደርሺ ተመልሰው የስፌት መኪናቸው ላይ ተቀመጡ። ማታ ሱቁን ስንዘጋ አየሁት፤ የአንድ ደንበኛ ኮት ላይ ሁለቱንም እጅጌ የግራ አድርገው ሰፍተውታል። እኔ ብሰፋው ኖሮ እስከ ዛሬ ይነግሩኝ ነበር። እሳቸው ስለሆኑ ዝም ብዬ ፈታሁት።

ምን እንደከነከነኝ ልንገርሽ። ዝርዝሩ ውስጥ አለመግባትሽ አይደለም። ዝርዝር ማለት አንድ ሰው ጠዋት ተነስቶ የጻፈው ነገር ነው። የከነከነኝ ምክንያቱን ሳናውቅ መቅረታችን ነው። ጠልተውት ነው? ረስተውት ነው? ጭራሽ ሰምተውታል? አንቺ ማንንም ሳትጠይቂ «ጠልተውታል» ብለሽ ደመደምሽ። ከሳሽም ዳኛም ሆነሽ በራስሽ ላይ ፈርደሽ ሻንጣሽን ቆለፍሽ። እንዲህ ያለ ችሎት የት አገር አለ?

ድምጿ እንደ አዲስ መቀስ የሚቆርጠውን የሬድዮዋን ሀያሲ ታውቂያታለሽ። አንቺ በሄድሽ በሁለተኛው ሳምንት ከሰዓት በኋላ፣ ያንን ዝርዝር ያወጣውን ባለ ጋዜጣ ጋብዛ ትከራከረው ጀመር። ሱቅ ውስጥ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጋሼ አፋቸው ስፒል ሞልቶ ሱሪ ይሰፋሉ።

«አንደኛ ያደረግከው አልበም ከአራተኛው ዘፈን በኋላ ራሱን ይደግማል» ትለዋለች።

«መድገም አይባልም፣ ማጽናት ነው።»

«እሱማ ጸንቷል። ያልጸናው አድማጩ ነው፣ እንቅልፍ ወስዶታል።»

«አንቺ አንደኛ ያደረግሽውስ? ግማሹ ጩኸት አይደለም?»

«ቢያንስ ይቀሰቅሳል።»

እንዲህ ሲባባሉ ቆይተው «መስመሩ ክፍት ነው፣ ደውሉልን» አሉ። ክፍት ነው ካሉኝ ደግሞ እኔ መቼም ሰው አላሳፍርም።

መጀመሪያ የደወልኩት አንዲት ያረጁ እማማ ሆኜ ነው። ድምፄን አቅጥኜ፣ ትንፋሼን እየቆራረጥኩ፣ «ጤና ይስጥልኝ የኔ ልጅ፣ ጆሮዬም ብዙ አይሰማ፣ ግን ያቺ የልብስ ሰፊው ልጅ ያወጣችው አልበም ከአሥሩ ውስጥ የት ገባ?» አልኳት። ሀያሲዋ እንዴት ጨዋ መሰለችሽ። «እማማ፣ እድሜ ይስጥዎት፣ እሱ የአምና አልበም ነው፣ የምንነጋገረው ስለ ዘንድሮ ነው» አለችና መርቄያት ዘጋሁ።

ከዚያ የሙዚቃ መምህር ሆኜ ደወልኩ። «በጉዳዩ ላይ ከታሪካዊ ዳራው አንፃር አንድ ነጥብ ለማንሳት ያህል» ብዬ ጀመርኩ። ምን ማለት እንደሆነ አትጠይቂኝ፣ እንደዚያ የሚናገሩ ሰዎችን ማንም አያቋርጣቸውም። «ያ አልበም የአምና ነው ከተባለ፣ በአምናው ዝርዝር ውስጥ ስንተኛ ነበር?» አልኩ።

ወረቀት ሲገለበጥ ተሰማ። «አምና ዝርዝሩን ስንዘጋ ገና አልወጣም ነበር፤ የወጣው በዓመቱ የመጨረሻ ሳምንት ነው» አለች።

«እንግዲያው አምና ገና ነበር፣ ዘንድሮ ደግሞ አልፏል። ታዲያ በየትኛው ዓመት ነው የወጣው?»

ባለ ጋዜጣው ሳቀ። «ጥያቄው ጥሩ ነው» አለ። እሷ «መምህር፣ መስመር ላይ ሌላ ሰው አለ» ብላ አሰናበተችኝ።

ስልኩን ዘጋሁ። ገባሽ አይደል? አልጠሉሽም እኮ። በሁለት ዓመት ስፌት መሀል ነው ሾልከሽ የወደቅሽው። ለምን እስከዚያ ሳምንት እንደዘገየሽ ደግሞ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። «ገበር» የሚለውን ዘፈንሽን እዚሁ ሱቅ ውስጥ፣ ጋሼ እየሰፉ ነው የቀዳሽው። ያቺ መኪናቸው እኛ ሳንወለድ ጀምሮ ስቅታ አለባት፤ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ብላ ትሄድና ስቅ ትላለች። ዘፈኑ በሷ ይጀምራል። የስቱዲዮው አቀናባሪ «ይህን ጫጫታ እናውጣው» ሲልሽ ምን አልሽው? «ጫጫታ አይደለም፣ አጎቴ ናቸው።» እሱ «ይውጣ»፣ አንቺ «አይወጣም»፣ እሱ ሲያኮርፍ፣ አንቺ ስትብሺ፣ ወራቱ ነጎዱ። በመጨረሻ አሸነፍሽው፣ አልበሙም ከነስቅታው ወጣ፤ ግን ሀያሲዎቹ ደጁን ከዘጉ በኋላ ነበር። ያኔ የአገሩ ሙዚቀኛ ሁሉ «ምን ትላለች ይቺ» ሲልሽ አንገትሽን አልደፋሽም። ለአንድ መኪና ስቅታ እንደዚያ የተዋጋች ሴት ለራሷ ሲሆን «በቃ» ትበል? ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አልቀበልም።

ስለዚህ ሦስተኛ ደወልኩ። አሁን የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ፣ ድምፄ ጎርናና፣ ትዕግሥቴ አጭር። «እኔ ምልሽ እህት፣ ያቺን ልጅ ለምን ታሽከረክሯታላችሁ? አንዱ ዓመት ይውሰዳታ።»

ሀያሲዋ «እየነዱ ነው?» አለችኝ።

«አዎ፣ አቀበት ላይ ነኝ።»

«አቀበቱ ላይ ልብስ ስፌት ቤት አለ?»

«እንዴት?»

«ከኋላዎ ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚል፣ ከዚያ ስቅ የሚል ነገር ይሰማኛል። ቅድም እማማም ቤት ነበር። መምህሩም ጋ ነበር። አሁን ደግሞ አቀበት እየወጣ ነው።»

ጋሼ ስማቸው የተጠራ ይመስል ፔዳሉን አቆሙ። ሱቁ ጭጭ አለ፣ በሬድዮውም ጭጭ አለ። «ይኸው፣ ቆመ» አለች። ባለ ጋዜጣው በሳቅ ወንበሩን ሲያንኳኳ ይሰማል። ጋሼ ሊቆጡኝ አፋቸውን ሊከፍቱ ፈለጉ፣ ግን በስፒል ተሞልቷል። በሕይወቴ ስፒልን እንደዚያ አመስግኜ አላውቅም።

ሌላ ሰው ቢሆን ይዘጋ ነበር። እኔ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ነኝ። በገዛ ድምፄ «እሺ፣ ሦስቱም እኔ ነኝ» አልኳት። «ሰዎቹ ውሸት ናቸው፣ ጥያቄው ግን እውነት ነው። አልመለሳችሁልኝም።»

«ለዘፋኟ ምኗ ነህ?»

«ወንድሟ።»

«ታዲያ የወንድም ድምፅ ይቆጠራል እንዴ?»

«የጓደኛ ሲቆጠር አይተናል።»

ባለ ጋዜጣው ሳል መጣበት። እሷ ግን የዋዛ አይደለችም። «ስማ፣ ዓመት የሆነ ቦታ ላይ መቆረጥ አለበት። እናንተ ጨርቅ አትቆርጡም?»

«እንቆርጣለን። ስንቆርጥ ግን ለስፌት የሚሆን ትርፍ እንተዋለን።»

«ትርፉ ሲበዛ ደግሞ ልብሱ ይንዘላዘላል» አለችኝ። ምን ልበልሽ፣ እውነቷን ነው። የጋሼን ፊት አየሁ፣ እሳቸውም ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ነው፤ ለሷ። ከዚያ ግን አንድ ያላሰብኩትን ነገር ተናገረች። «አልበሙ እኔ ጋ አለ። ደርሶኛል። ቁልል ውስጥ ነው፣ አልከፈትኩትም። ይህንን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ አሁን ደግሞ ሁላችሁ አወቃችሁት። ዜናው እስኪያልቅ እፈልገዋለሁ።»

ዜናው እንዴት ረዘመብኝ። በዓለም ላይ ያን ያህል ነገር እንደሚሆን አላውቅም ነበር። ሲመለሱ ምንም ሳትናገር «ገበር»ን ለቀቀችው። ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ ስቅ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ ስቅ። ከዚያ አንቺ ገባሽ፣ ያ ማንም ስለማያየው፣ ብርዱን ግን ስለሚችለው ስለ ውስጥ ጨርቅ እየዘፈንሽ። ጋሼ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፋቸው አውጥተው የስፒል ትራሷ ላይ ሰኩ። «እኔ ነኝ እንዴ?» አሉኝ ቀስ ብለው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አልበሙ ከወጣ ጀምሮ ስንት ጊዜ ሰምተውት መኪናዋ የራሳቸው መሆኗን ልብ አላሉም። ሬድዮ ሲሆን ገባቸው። እግራቸውን ፔዳሉ ላይ መልሰው መርገጥ ጀመሩ። መጀመሪያ የሬድዮዋ ስቅታ እና የሱቁ ስቅታ ተለያየ፣ ከዚያ ተጠጋ፣ ከዚያ ገጠመ። እኔ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሳይሆን ጣቴ ላይ ሰካሁ። ሌላ ምንም አልሆንኩም፣ እንዳታጋኚ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ሀያሲዋ «ይህንን መኪና አውቀዋለሁ» አለች። ቀጥላ «አንድ ዘፈን አልበም አይደለም። ሙሉውን ሰምቼ በሚቀጥለው ሳምንት እነግራችኋለሁ። አንተ ልጅ፣ እስከዚያ አንድ ሰው ብቻ ሆነህ ቆይ» ብላ ዘጋችው።

እሺ፣ አሁን ፍርዱን እነግርሻለሁ፤ ሳልቀንስ ሳልጨምር። ቁጭ በይ። በሳምንቱ መጣችና ሁለተኛው ዘፈን ላይ ሌላ ዘፋኝ ለመምሰል ሞክረሻል አለች። ስድስተኛው ቸኩሏል አለች። የመጨረሻው ሁለት ጊዜ ሊያልቅ ደርሶ በሦስተኛው የሚያልቅ ዘፈን ነው አለች። «በጊዜው ቢደርሰኝ ከአሥሩ አስገባው ነበር? አላስገባውም።» ባለ ጋዜጣው ብድግ አለ። «እኔ አምስተኛ አደርገዋለሁ» አለ። «ለምን አምስተኛ?» «ስለ 'ገበር'።» «አንድ ዘፈን ይዘህ አምስተኛ?» «አንቺ አንድ ጩኸት ይዘሽ አንደኛ አድርገሻል።» ፉጨት፣ ስለ አንቺ የተከራከሩት ስለ አንደኛው ከተከራከሩት ይበልጣል። ስለ አንቺ ሲጣሉ ሰዓቱ አለቀባቸው፣ ማስታወቂያ እንኳ ዘለሉ።

መሀል ላይ አንድ ሹፌር ደወለ። እውነተኛ ሹፌር። ሀያሲዋ ድምፁን እንደሰማች «አንተ ልጅ፣ አሁንስ አበዛኸው» አለችው።

«የምን ልጅ? የልጆች አባት ነኝ።»

«ስቅታህን የት ደበቅከው?»

ሰውየው ተናዶ ጥሩንባውን ነፋ፤ ሬድዮዋ ልትሰነጠቅ። ከዚያ በኋላ አመነችው። «የዚያችን ልጅ አልበም ባለፈው ሳምንት እናንተ ካወራችሁ በኋላ ገዛሁት» አለ። «መታጠፊያዬን አልፌ ሄድኩ። ዕቃው ዘገየ፣ አለቃዬ ጮኸብኝ። እንዲህ ያለ ነገር ለሹፌር መሸጥ የለበትም።»

ባለ ጋዜጣው «ይህ ወቀሳ ነው ወይስ ሙገሳ?» ብሎ ጠየቀው።

«እኔ ምን አውቄ? ሀያሲዎቹ እናንተ።»

እንግዲህ አስቢው። አንቺ የሄድሽው በማይጠሉሽ ሰዎች ተቀይመሽ ነው። እኔ ደግሞ ለፍቼ፣ ሦስት ሰው ሆኜ፣ ሙሉውን ሰምታ የማትወድሽ አንዲት ሴት አገኘሁልሽ። ይህ እድገት ነው። ካልሰማሽ ሰው ጋር ምን ይባላል? ከሰማሽ ሰው ጋር ግን መከራከር ይቻላል፤ ሁለተኛውን ዘፈን አንስቶ «ማንን መሰልኩ?» ማለት ይቻላል። ስድስተኛው መቸኮሉን ደግሞ እኔም ስነግርሽ ነበር፤ እኔ ስለው ጫማ ትወረውሪያለሽ።

ከአሥሩ አልገባሽም። አትገቢም። ዘንድሮ አልፏል፣ አምናም አልፏል፣ ማንም ተመልሶ ቀዶ አይሰፋልሽም። እንኳንም ቀረ። አሥር ሰው ቆጥሮ ሌላውን ሁሉ ወደ ቤቱ የሚሰድ ወረቀት ለጠረጴዛ እግር ይሁን። ጠረጴዛ እግር ሥር ላለ ነገር ብለሽ ጊታር ለባለ ሸሚዙ የአክስት ልጅ አትሰጪም፤ እኔ በቁሜ እያለሁ አይሆንም። ንገሪው፣ ክሰሺኝ፣ ለጋሼ አሳጪኝ። አልሰጥም።

ደግሞ አንድ ነገር ቀርቷል፣ ይህን ስታነቢ ጫማሽን አታውልቂ። ፕሮግራሙ ሊያልቅ ሲል ሀያሲዋ «ዘፋኟ ካለች መጥታ ራሷ ትከራከረኝ» አለች። እኔም ደወልኩ። «ትመጣለች» አልኳት። «በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያው ፕሮግራም ላይ፣ ጊታሯን ይዛ።» እሷም ለሕዝቡ ሁሉ ተናገረች። ሹፌሩ ሳይቀር ሰምቷል። አንቺን ሳልጠይቅ ነው፤ አዎ። ብጠይቅሽ «ሥራ ላይ ነኝ» ትይኝ ነበር። ከቀረሽ ግን እኔ አንቺን ሆኜ እሄዳለሁ። የምቀልድ ከመሰለሽ ቅሪና እይ። ሁለተኛውን ዘፈን በእማማ ድምፅ ነው የምዘፍነው።

የጋሼን ሰላምታ ልጽፍልሽ ነበር፣ ግን ሰላምታ አልላኩም፤ ታውቂያቸዋለሽ። ያየሁትን ልንገርሽ። ሰኞ ዕለት የስፌት መኪና ጠጋኙ መጣ፣ ያ ስንት ዓመት ሙሉ «ስቅታዋን አንድ ቀን ላድንልዎት» የሚለው። ጋሼ ቀበቶዋን አስቀየሩት፣ መርገጫዋን አስጠበቁ፣ ዘይት አስቀቡ። ጠጋኙ መፍቻውን ወደ ስቅታዋ ሲያስጠጋ ግን እጁን ያዙት።

«ተዋት» አሉት።

«ጋሼ፣ ይኸው ደርሼበታለሁ፣ አንድ ብሎን ናት እኮ።»

«ተዋት አልኩህ። ልጅቱ ስትመጣ በምን ልትጀምር ነው?»

ጠጋኙ ምንም አልገባውም። መፍቻውን ወደ ሳጥኑ መለሰና ሄደ። እኔ ጊታርሽን ካስቀመጥኩበት ቁም ሣጥን አናት አውርጄ ከመኪናዋ በላይ፣ ጋሼ ትልቁን መቀስ ከሚሰቅሉበት ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። መቀሱን ጠረጴዛ ላይ አኖሩት፣ አልተቆጡኝም። ጋሼ ሲረግጡ ክሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ቅኝቱ ወርዷል፣ እኔ ደግሞ ልቃኘው ብዬ አንዱን በጥሼብሻለሁ። መተኪያውን ይዘሽ ነይ።

ቀጥ ብሎ መስፋት ያልለመደው ወንድምሽ፣
መርፌ

እማማም፣ መምህሩም፣ የአቀበቱም ሹፌር ሰላም ብለውሻል። ባለ ጥሩንባው ግን እኔ አይደለሁም፤ እሱ የራስሽ ነው።